የአጥንት መሳሳት፦ መድኃኒት የግድ የሚሆነው ለማን ነው? ምግብና እንቅስቃሴ የሚበቃውስ ለማን?

አጥንት ሲሳሳ አያምም፤ የሚያምመው ሲሰበር ነው። «ምንም ሳይሰማኝ ለምን መድኃኒት እጀምራለሁ?» የሚል ሰው የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። አከርካሪያቸው ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ እናት በአብሽና በአጥንት መረቅ ብቻ ሲታከሙ፣ የአጥንት ልኬቷ ትንሽ ዝቅ ያለባት የ52 ዓመት ሴት ደግሞ የማያስፈልጋትን ክኒን ስትውጥ እናያለን። ሁለቱም የተሳሳቱት «መድኃኒት ወይስ ተፈጥሯዊ?» ከሚለው ስለተነሱ ነው። ቀድሞ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ይህ አጥንት በሚቀጥሉት 10 ዓመታት የመሰበር ዕድሉ ስንት ነው? ያ ሲታወቅ ብዙ ሰው መምረጥም አያስፈልገውም። ምግቡና እንቅስቃሴው ለሁሉም ነው፤ መድኃኒቱ አደጋው ከፍ ላለበት ይጨመራል።

አደጋውን መለካት

ዋናው ምርመራ ዴክሳ ይባላል። በጣም አነስተኛ ጨረር ተጠቅሞ የወገብን አከርካሪና የዳሌን አጥንት ጥግግት ይለካል። ውጤቱ የሚነበበው ቲ-ስኮር በሚባል ቁጥር ነው፤ የእርስዎን አጥንት ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር ያነጻጽራል። -1 እና ከዚያ በላይ ደህና ነው። በ-1 እና በ-2.5 መካከል ከሆነ መሳሳት ጀምሯል፤ ሐኪሞች ኦስቲዮፔኒያ ይሉታል። -2.5 እና ከዚያ በታች ኦስቲዮፖሮሲስ ነው። ከተለኩት ቦታዎች ዝቅተኛው ቁጥር ይያዛል። ይህ አቆጣጠር የሚሠራው ካረጡ ሴቶችና ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ወንዶች ጋር ነው። ለወጣት ሰው ከእኩዮቹ አጥንት ጋር የሚያነጻጽረው፣ ዜድ-ስኮር የሚባለው ይታያል፤ ዝቅ ካለም መጀመሪያ የሚፈለገው መንስኤው ነው።

ውጤቱ ሲነበብ የሚያሳስት ነገር አለ። በዕድሜ የገፋ ሰው ወገብ ላይ የመገጣጠሚያ መበላት ካለ አጥንቱ በዙሪያው ስለሚደነድን የወገቡ ቁጥር ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ የ75 ዓመት ሰው ወገቡ -1.2፣ ዳሌው -2.7 ቢሆን የሚታመነው ዳሌው ነው። ተረከዝ ላይ የሚደረገው የአልትራሳውንድ ምርመራ ደግሞ ለመጠርጠር ይረዳል እንጂ በሽታው አለ ለማለትም ሆነ ሕክምናው መሥራቱን ለመከታተል አይሆንም።

ከማንኛውም ቁጥር የሚበልጠው የስብራት ታሪክ ነው። ቆመው ሳለ ወድቀው፣ ወይም ከዚያ ባነሰ ነገር ዳሌ ወይም አከርካሪ ከተሰበረ፣ ቲ-ስኮሩ ምንም ይሁን ምን ኦስቲዮፖሮሲስ ነው። የአከርካሪ ስብራት ብዙ ጊዜ «ወገቤን ብርድ መታኝ» እየተባለ ሳይታወቅ ያልፋል። ምልክቱ ቁመት ነው፦ ከወጣትነት ቁመትዎ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወይም ከቅርብ ጊዜ ልኬትዎ 2 ሴንቲ ሜትር ከቀነሱ የጀርባ ራጅ ያስፈልግዎታል። የድሮውን ቁመት በፓስፖርት ወይም በአሮጌ የሕክምና ካርድ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዴክሳ በቀላሉ አይገኝም። ከአዲስ አበባ ርቆ ላለ ሰው፣ ጉዞው ያዋጣ እንደሆነ ለመወሰን ቀላል ስሌት አለ፦ ክብደትን በኪሎ ይያዙ፣ ዕድሜን ይቀንሱ፣ ውጤቱን በ0.2 ያባዙ። 50 ኪሎ የሚመዝኑ የ65 ዓመት እናት ቢሆኑ፣ 50 ሲቀነስ 65 የሚሰጠው -15 ነው፤ በ0.2 ሲባዛ -3 ይሆናል። ላረጠች ሴት ውጤቱ ከ2 በታች ከሆነ መመርመር ተገቢ ነው። በሽታውን አያረጋግጥም፤ ማን ቀድሞ መመርመር እንዳለበት ግን ያሳያል።

ቀጥሎ ፍራክስ የሚባለው መጠይቅ አለ። በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 ያወጣው ሲሆን በኢንተርኔት በነጻ ይሞላል። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ቁመት፣ ያለፈ ስብራት፣ እናት ወይም አባት ዳሌያቸው ተሰብሮ እንደሆነ፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ የስቴሮይድ መድኃኒት (እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ) እና የመሳሰሉትን ይጠይቅና የ10 ዓመት የስብራት ዕድልን በመቶኛ ይሰጣል። በአሜሪካ መመሪያ መሠረት ኦስቲዮፔኒያ ላለበት ሰው የዋና ዋና ስብራቶች (የአከርካሪ፣ የዳሌ፣ የእጅ አንጓና የትከሻ) ዕድል 20 በመቶ፣ ወይም የዳሌ ብቻ 3 በመቶ ከደረሰ መድኃኒት ይመከራል። አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የአሜሪካው ቅጽ ዘር ይጠይቃል፤ «ጥቁር» ሲባል በተመሳሳይ መልስ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ያ ማስተካከያ የመጣው ከአፍሪካ አሜሪካውያን መረጃ ነው። ቁጥርዎ ከመስመሩ ጥቂት ዝቅ ካለ «ነጻ ነኝ» ብለው አይደምድሙ፤ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። ፍራክስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወድቁም አይጠይቅም፤ በስኳር ሕመም የሚመጣውንም አደጋ አሳንሶ ያያል።

ከምርጫው በፊት መንስኤውን ማጣራት

ይህ እየታለፈ ብዙ ሰው ይጎዳል። የተሰበረ አከርካሪ ሁሉ በእርጅና የሳሳ አይደለም። በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አጥንቱን ይበላና ያጎብጣል። ከጀርባ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ፣ ወይም እግር ከደከመ፣ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ይህ መጣራት አለበት። የደም ማነስና የኩላሊት መድከም አብሮ ከታየ ደግሞ መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው ካንሰር ይፈለጋል።

ሌላው በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ ነው። ዴክሳ ላይ ከኦስቲዮፖሮሲስ አይለይም። ምልክቱ ሙሉ አካል የሚያምም ስሜት፣ ከወንበር ለመነሳትና ደረጃ ለመውጣት የጭን መድከም፣ በደም ላይ ደግሞ ከፍ ያለ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ይህ በቫይታሚን ዲና በካልሲየም ይድናል፤ እጥረቱ ሳይሞላ አጥንት አጠንካሪ መርፌ ቢወጋ ግን የደም ካልሲየም በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ስለዚህ ቢያንስ ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ ቫይታሚን ዲ፣ የታይሮይድ ሆርሞንና ሙሉ የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም ዘርዝረው ይንገሩ። አጥንት የሚያሳሱ አሉ፦ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ብግነት ለ3 ወርና ከዚያ በላይ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን፣ ለኤችአይቪ የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ለዓመታት የተወሰደ ኦሜፕራዞል፣ በየሦስት ወሩ የሚወጋው የወሊድ መከላከያ፣ አንዳንድ የጡት ካንሰር ሆርሞን መድኃኒቶች። አንዳቸውንም በራስዎ አያቁሙ፤ መቀየር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

ማን የት ላይ ነው?

የዳሌ ወይም የአከርካሪ ስብራት የደረሰበት፣ ወይም ቲ-ስኮሩ -2.5 እና ከዚያ በታች የሆነ ሰው መድኃኒት ያስፈልገዋል። ምግብና እንቅስቃሴው አብሮ ይሄዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የተሰበረ፣ ከአንድ በላይ ስብራት ያለበት ወይም ቲ-ስኮሩ ከ-3 በታች የሆነ ሰው ደግሞ እጅግ ከፍተኛ አደጋ ላይ ነው፤ ጊዜ የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም። ከዳሌ ስብራት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 ሰው 1 ገደማ ይሞታል።

ኦስቲዮፔኒያ ኖሮት የፍራክስ ቁጥሩ ከመስመሩ በላይ የሆነም መድኃኒት ቢጀምር ይጠቀማል።

ኦስቲዮፔኒያ ኖሮት የፍራክስ ቁጥሩ ዝቅተኛ፣ ስብራት የሌለበት፣ ስቴሮይድ የማይወስድ ሰው ግን ተፈጥሯዊው መንገድ ይበቃዋል። መድኃኒት ቢወስድ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱ ለተወሰኑ ዓመታት የሚወሰድ ስለሆነም እነዚያን ዓመታት በከንቱ ያቃጥላል፤ ወደፊት በእውነት ሲያስፈልገው ቢጠቀምባቸው ይሻለው ነበር። ድጋሚ ልኬቱም በየዓመቱ መሆን የለበትም። ዕድሜያቸው ከ67 በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቲ-ስኮራቸው ከ-1.5 የተሻለ ሴቶች ለ15 ዓመት ያህል፣ በ-1.5 እና በ-2 መካከል ያሉት ለ5 ዓመት ያህል ሳይለኩ ቢቆዩ ወደ ኦስቲዮፖሮሲስ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። ከ-2 በታች ያሉት ግን በዓመት ውስጥ ሊታዩ ይገባል።

መሐል ላይ የሚያስቸግር ሰው አለ፦ ቲ-ስኮሩ -2.6፣ ስብራት የሌለበት፣ 60 ዓመት ያልሞላው፣ መድኃኒት የማይፈልግ። እዚህ ላይ ማስገደድ አይሠራም። የሚሠራው ቀጠሮ ያለው ሙከራ ነው፦ ከዚህ በታች ያለውን የምግብና የእንቅስቃሴ ፕሮግራም ለ12 ወር በትክክል መሥራት፣ ከዚያ በዚያው ማሽን መለካት። ስብራት ከመጣ፣ ቁመት 2 ሴንቲ ሜትር ከቀነሰ ወይም ጥግግቱ በ5 በመቶ ከወረደ መድኃኒት ይጀመራል ብሎ አስቀድሞ መስማማት። ቀን ያልተቆረጠለት «እስቲ በተፈጥሮ ልሞክር» ዓመታት ይወስዳል።

ምግብ፦ ካልሲየም

ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴትና ከ70 በላይ ለሆነ ወንድ የሚያስፈልገው በቀን 1200 ሚሊ ግራም ነው፤ ለሌላው አዋቂ 1000። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ገደማ ይሰጣል። ትንሽ ጣሳ ሰርዲን ከነአጥንቱ 350 ያህል አለው። አንድ ኩባያ የበሰለ ጎመን እንደ ዓይነቱ ከ150 እስከ 250 ይደርሳል፤ በደንብም ወደ ደም ይገባል። ቆስጣ ግን እንደ ጎመን አይቆጠርም፦ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፤ ከሩዝና ከነጭ ዱቄት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጤፉ ውስጥ ካልሲየሙን የሚያስረውን ፋይቴት ደግሞ የእርሾው መብላላት ይቀንሰዋል። ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ የስንዴ ቅልቅል ስለሆነ ይህን ስሌት አያሟላም።

አይብ ብዙዎችን ያሳስታል። ወተቱ ኮምጥጦ ስለሚረጋ ከፍተኛው የካልሲየም ክፍል ሟሙቶ ወደ አጓቱ ይሄዳል። አይብ ለፕሮቲን ጥሩ ነው፤ ለካልሲየም ከተፈለገ ግን አጓቱን መድፋት ብክነት ነው። የአጥንት መረቅም እንደ ስሙ አይደለም፤ ካልሲየሙ ከአጥንቱ ብዙም አይወጣም።

በጾም ወቅት ወተትና እርጎ ሲቀር ጎመኑ በየቀኑ ይሁን፣ ከጤፍ እንጀራ አይራቁ። የሰሊጥ መጠጥ ይረዳል፤ ሆኖም ካልሲየሙ በብዛት ያለው በልጣጩ ውስጥ፣ ከኦክሳሌት ጋር ነው፤ ስለዚህ ብቻውን አይታመንም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሌሎቹ ሲጨመሩ ምእመኑ ግማሽ ዓመት ገደማ ከወተት ይርቃል። ለዚህ ሰው በጾም ቀናት ክኒን መጨመር ምክንያታዊ ነው።

ክኒን የሚወሰደው የጎደለውን ለመሙላት ብቻ ነው። በቀን አንድ ብርጭቆ ወተትና አንድ እርጎ የሚያገኝ ሰው ከሌላው ምግብ ጋር 850 ገደማ ይደርሳል፤ የጎደለው 350 ነው፤ አንድ ክኒን ይበቃዋል። 1250 ሚሊ ግራም የተጻፈበት የካልሲየም ካርቦኔት ክኒን በውስጡ 500 ሚሊ ግራም ንጹሕ ካልሲየም ነው ያለው። በአንድ ጊዜ ከ500 ወይም ከ600 በላይ ቢወስዱ ሰውነት የሚቀበለው ድርሻ ይቀንሳል። ካርቦኔቱ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ግን ሲትሬት የሚባለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን የሚወስዱ በመካከል 4 ሰዓት ያራርቁ። ከልክ በላይ መውሰድ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል፤ ካልሲየም ብቻውን ደግሞ የሳሳ አጥንትን ወደ ድሮው አይመልስም።

ፕሮቲን ይረሳል። አዛውንት በኪሎ ክብደታቸው በቀን 1 ግራም ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ያስፈልጋቸዋል፤ ለ55 ኪሎ ሰው 55 ግራም ማለት ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና እንቁላል በየማዕዱ ካሉ ይሞላል፤ ሻይ በዳቦ ቁርስም ምሳም ከሆነ አይሞላም። ቡናን መተው አያስፈልግም፤ ካልሲየም በበቂ ለሚያገኝ ሰው ጉዳቱ አነስተኛ ነው።

ቫይታሚን ዲ

«እኛ የ13 ወር ፀሐይ አገር ሰዎች ነን» የሚለው አያድንም። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወይም ቤት ውስጥ የሚውል፣ ሙሉ ልብስ የሚለብስ ሰው ደግሞ ያን አያገኝም። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ አይቆጠርም። ስዊድን ወይም ሚኒሶታ በብርዱ ወራት፣ ዱባይና ሪያድ ደግሞ ሙቀቱ ሰውን ቤት ስለሚዘጋ፣ እጥረቱ የተለመደ ነው።

የአጥንት መሳሳት ላለበት ሰው በቀን ከ800 እስከ 1000 ዩኒት ይበቃል። የደሙ መጠን በሚሊ ሊትር ከ20 ናኖ ግራም በታች ከሆነ በሐኪም ትእዛዝ በሳምንት 50,000 ዩኒት ለ8 ሳምንት ያህል ተሰጥቶ ወደ ዕለታዊው ይመለሳል። በዓመት አንድ ጊዜ ብዙ መቶ ሺህ ዩኒት መውሰድ ግን አይመከርም፦ አውስትራሊያ ውስጥ በዓመት 500,000 ዩኒት የተሰጣቸው አረጋውያን ሴቶች ካልተሰጣቸው ይልቅ ብዙ ወድቀዋል፣ ብዙም ተሰብረዋል። እጥረት የሌለበት ጤናማ ሰው ቢጨምርም የሚያተርፈው የለም፤ ከ25,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2022 የወጣው የአሜሪካ ጥናት በቀን 2000 ዩኒት ስብራትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

እንቅስቃሴ

አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲጫነውና ጡንቻ ሲጎትተው ነው። የእግር ጉዞ ለልብ መልካም ነው፤ የአጥንትን ጥግግት ግን ብዙም አይጨምርም። ዋናና ብስክሌት ከዚህም ያነሱ ናቸው።

በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ ቀን እየዘለሉ፣ እነዚህን ይሥሩ፦ እጅ ሳይጠቀሙ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ 10 ጊዜ፤ ግድግዳ እየገፉ ክንድን ማጠፍና መዘርጋት፣ 10 ጊዜ፤ ተረከዝ እያነሱ በእግር ጣት መቆም፣ 15 ጊዜ፤ አንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፤ በሆድ ተኝቶ ደረትን ትንሽ ከመሬት ማንሳት፣ 8 ጊዜ። እያንዳንዱን ሁለት ወይም ሦስት ዙር። የሚሳሳተው ሰው እዚያው ላይ ለዓመት የሚቆየው ነው። 12 ጊዜ ያለ ድካም ከሠሩት ቀሏል ማለት ነው፤ በእጅ ውሃ የሞላ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ይያዙ፣ ቀጥሎ ሁለት ሊትር። ለሚዛን ደግሞ በየቀኑ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር እስከ 30 ሰኮንድ ይቁሙ።

ከባድ ብረት ማንሳት ከዚህ ይበልጣል። በ2018 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አጥንታቸው የሳሳ ያረጡ ሴቶችን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለ30 ደቂቃ፣ በባለሙያ ቁጥጥር ከባድ ክብደት አስነሥቶ በ8 ወር የወገባቸውን ጥግግት በ3 በመቶ ገደማ ከፍ አድርጎታል። ቁልፉ ቃል «በባለሙያ ቁጥጥር» ነው፤ ቤት ውስጥ ከዩቲዩብ ተምሮ የሚሞከር አይደለም። ለንጽጽር፣ የተለመደው የአጥንት መሳሳት ክኒን በ3 ዓመት የወገብን ጥግግት ከ5 እስከ 9 በመቶ ያሳድጋል።

አከርካሪው የተሰነጠቀ ሰው ጀርባውን ወደ ፊት እያጎበጠ ከመታጠፍና ከመጠምዘዝ ይጠበቅ። ሆድ ለማጥበብ የሚሠራው ከተኙበት መነሳት ቀርቶ፣ ልብስ ማጠብ፣ መሬት ላይ ካለ ምጣድ እንጀራ ማውጣትና የተኛ ሕፃን ማንሳት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጉልበትዎን አጥፈው፣ ወገብዎን ቀጥ አድርገው ይውረዱ፤ ምጣዱን ወደ ጠረጴዛ ከፍታ ያውጡት። በሕማማት ሰሞን የሚደጋገም ስግደትም አከርካሪ ይጭናል፤ በቅርቡ የተሰበረ ሰው ለንስሐ አባቱ ነግሮ ቆሞ በመጸለይ ይተካው። እስክስታ ትከሻ እንጂ ወገብ አያጎብጥም፤ እሱን አይከልክሉ።

መውደቅ

የዳሌ ስብራት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከመውደቅ ይመጣል። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሳ፤ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ የሌሊት መብራት ይኑር፤ መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ከሆነ ማታ ፖፖ ይቀመጥ። ነጠላ ጫማ በተረከዝ በሚይዝ ጫማ ይተካ። የዓይን ሞራ ይታከም። የእንቅልፍ ክኒንና ከመቀመጫ ሲነሱ የሚያዞር የደም ግፊት መድኃኒት መጠኑ ይከለስ።

በገንዘብዎ የማይገዙት

ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽና ኮላጅን ስብራት መቀነሳቸው አልታየም፤ እንደ ምግብ ከሆነ ይብሉት፣ እንደ ሕክምና ግን አይቁጠሩት። ስትሮንቲየም የሚባለው ተጨማሪ ንጥረ ነገር ያታልላል፦ ከካልሲየም የከበደ ስለሆነ አጥንት ውስጥ ሲገባ የዴክሳውን ቁጥር ያሳምረዋል። ቫይታሚን ኬ የያዘ ክኒን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው የደም ማቅጠኛውን ሥራ ያበላሻል። ወጌሻም ለወለምታ እንጂ ለሳሳ አከርካሪ አይደለም፤ በጉልበት ጀርባ ማሸትና መጫን አዲስ ስብራት ሊያመጣ ይችላል።

መድኃኒት ከሆነ

በብዛት የሚጀመረው አሌንድሮኔት ነው፤ 70 ሚሊ ግራም፣ በሳምንት አንድ ቀን። ጥቅሙን በቁጥር እንየው። በ1996 በወጣው ትልቅ ጥናት ቀድሞ የአከርካሪ ስብራት የነበራቸው ሴቶች ለ3 ዓመት ተከታትለዋል፤ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ከ100ው 15ቱ፣ ከወሰዱት 8ቱ አዲስ የአከርካሪ ስብራት ደረሰባቸው። የዳሌ ስብራት ከ2.2 ወደ 1.1 በመቶ ወረደ። ብዙ ሰው የሚፈራው የመንጋጋ አጥንት መሞት ክኒን በሚወስዱ የአጥንት መሳሳት ሕሙማን ላይ በዓመት ከ10,000 አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ያልተለመደው የጭን አጥንት ስብራትም ብርቅ ነው፤ ግን መድኃኒቱ ከ5 ዓመት በላይ ሲራዘም ይጨምራል። ጭን ወይም ብሽሽት ውስጥ ሳምንታት የቆየ ድንዝዝ ያለ ሕመም ከመጣ ራጅ ይነሱ።

አወሳሰዱ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። አንጀት የሚቀበለው ከክኒኑ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከቡና ወይም ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ሲወሰድ ያም ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠዋት እንደተነሱ፣ ባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጡት፤ አምቦ ውሃ አይሆንም፣ ማዕድኑ ክኒኑን ያስረዋል። አያኝኩት። ለ30 ደቂቃ አይተኙ፣ አይብሉ፣ ሌላ መድኃኒትም አይውሰዱ፤ ካልሲየሙ ለምሳ ይቆይ። ተኝተው ከሆነ ክኒኑ የምግብ ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። መዋጥ ካመመ ወይም አዲስ ቃር ከመጣ አቁመው ለሐኪም ይንገሩ። ቀኑን ከረሱ ባስታወሱበት ማግስት ጠዋት ይውሰዱና ወደ መደበኛው ቀን ይመለሱ፤ በአንድ ቀን ሁለት አይዋጥም።

የኦርቶዶክስ ጾመኛ ክኒኑን ቅዳሜ ቢያደርገው ይመቸዋል፤ ቅዳሜና እሑድ በዐቢይ ጾምም ቢሆን እስከ 9 ሰዓት አይጾምም፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ቅዳሴ አለ። ልዩነቱ ቀዳም ስዑር ብቻ ናት፤ የዚያን ሳምንት ወደ ፋሲካ ማግስት ይለፍ። በረመዳን ከሱሑር 30 ደቂቃ ቀድሞ ተነሥቶ መዋጥ ይቻላል፤ ከኢፍጣር በኋላ ሆድ ስለሚሞላ አይሆንም።

የሆድ ቁስለት ያለበት፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ የማይችል ወይም ክኒን የሚረሳ ሰው ዞሌድሮኒክ አሲድ ይሻለዋል፦ 5 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ ቢያንስ በ15 ደቂቃ፣ በዓመት አንድ ጊዜ። በመጀመሪያው ዙር ለ2 ወይም 3 ቀን ትኩሳትና ቁርጥማት የተለመደ ነው፤ ውሃ መጠጣትና ፓራሲታሞል ይበቃል። ሁለቱም መድኃኒቶች የኩላሊት ማጣሪያ መጠኑ በደቂቃ ከ35 ሚሊ ሊትር በታች ለሆነ ሰው አይሰጡም። ማንኛውንም ከመጀመር በፊት መነቀል ያለበት ጥርስ ይነቀል።

ዴኖሱማብ በየ6 ወሩ 60 ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ኩላሊቱ ለደከመም ይሰጣል፣ ግን በከባድ የኩላሊት ሕመም የደም ካልሲየምን አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊያወርድ ስለሚችል ጥብቅ ክትትል ይፈልጋል። ወጥመዱ ሲቆም ነው፦ ያጠራቀመው ጥግግት በወራት ውስጥ ይሟሽሻል፣ በርካታ አከርካሪዎች በአንድ ጊዜ ሊሰበሩ ይችላሉ። መርፌው ከ7 ወር በላይ መዘግየት የለበትም፤ ከቆመም ሌላ መድኃኒት መተካት አለበት። ልጆቻቸው ጋ አሜሪካ ቆይተው ለዓመት አገር ቤት የሚመለሱ እናቶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ቀጣዩን መርፌ በእርግጠኝነት የሚያገኙበት ቦታ ከሌለ አይጀምሩት፤ የዓመቱ መርፌ ለእነሱ ይመቻል።

እጅግ ከፍተኛ አደጋ ላይ ላሉት አጥንት የሚገነቡ መድኃኒቶች አሉ፦ ቴሪፓራታይድ በየቀኑ እስከ 2 ዓመት፣ ሮሞሶዙማብ በየወሩ ለ12 ወር። የኋለኛው በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ ለደረሰበት አይሰጥም። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ካለቁ በኋላም ያተረፉት እንዳይጠፋ ሌላ መድኃኒት ይከተላል። ከ60 ዓመት በታች ሆና ካረጠች 10 ዓመት ያልሞላት፣ የሙቀት ማዕበል የሚያስቸግራት ሴት ደግሞ የሆርሞን ሕክምናን ብትጠይቅ ለአጥንቱም ለሙቀቱም መፍትሔ በአንድ ታገኛለች፤ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ካላት ግን አይሆንም።

መከታተልና ማቆም

ዴክሳው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት፣ የግድ በዚያው ማሽን ይደገም። ከ3 እስከ 5 በመቶ በታች የሆነ ለውጥ የማሽኑ ስሕተት ሊሆን ስለሚችል በዚያ አይደሰቱ፣ አይደንግጡ። ቁጥሩ ባለበት ከቆመ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ከወረደ መጀመሪያ የሚጠየቀው አወሳሰዱ ነው፦ ክኒኑ ከቡና ጋር ነበር? ሳምንታት ታልፈዋል? ቫይታሚን ዲው ሞልቷል?

ከ5 ዓመት ክኒን ወይም ከ3 የዓመት መርፌ በኋላ ሐኪምዎን «አሁን ማረፍ እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። የዳሌው ቲ-ስኮር ከ-2.5 ከፍ ካለና አዲስ ስብራት ከሌለ ብዙ ሰው ለጥቂት ዓመታት ማረፍ ይችላል፤ መድኃኒቱ አጥንት ውስጥ ስለሚቀር ጥበቃው ወዲያው አይጠፋም። ዴኖሱማብ ግን ዕረፍት የለውም።